ስሱ ሽፋን፦ የልብ ደም ቅዳ ለምን በድንገት እንደሚዘጋ የታወቀበት ረጅም መንገድ

ኤድዋርድ ጄነር ስሙ የተተከለው በፈንጣጣ ክትባት ነው። ክትባቱን ከማግኘቱ ብዙ ዓመታት በፊት ግን ደርስሊ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በደረት ሕመም የሞተ ሰው ልብ በቢላዋ ሲከፍት ስለቱ ደረቅ ነገር መትቶ ተሸረፈ። ጄነር ቀና ብሎ ጣሪያውን ተመለከተ። ቤቱ ያረጀ ስለነበር ኖራ ተፈርፍሮ የወደቀ መስሎት ነበር። ጎንበስ ብሎ ሲያጣራ ግን ስለቱን የሸረፈው ልብን ራሷን የሚመግበው ደም ቅዳ ሆኖ ተገኘ፤ እንደ አጥንት ደድሯል።

ያ ደረቅ ነገር ምንድን ነው? አንዱን ሰው ሰማንያ ዓመት አብሮት እየኖረ ሌላውን በአርባ ዓመቱ በደቂቃዎች ውስጥ የሚገድለውስ ለምንድን ነው? መልሱ ተቆራርጦ፣ በተለያየ አገርና በተለያየ ሙያ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶ መጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1768 እስከ 1844፦ የደደረውና የፈሰሰው

ሕመሙ ስም ያገኘው በ1768 ነው። የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ሄበርደን ዳገት ሲወጡ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ቆም ሲሉ የሚለቅ ሕመም እንዳለ ለባልደረቦቹ ገለጸና አንጃይና ብሎ ሰየመው። ምክንያቱን ግን አላወቀም። ጄነር ምክንያቱን ቢጠረጥርም አፉን ያዘ። መምህሩ፣ ስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር፣ ያው ሕመም ነበረበት፤ ደቀ መዝሙሩም መምህሩን ማስደንገጥ አልፈለገም። ሀንተር ራሱ ሕይወቱ ሊያናድደው በፈለገ ሰው ሁሉ እጅ እንዳለች ይናገር ነበር። እንዳለውም ሆነ። በኦክቶበር 1793 በለንደኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል በተደረገ ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሣ፤ ሀንተር በንዴት ወጥቶ ወደቀና ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ደም ቅዳዎች ደድረው ተገኙ። የዚህን ሆስፒታል ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ፍንጭ የመጣው ከኮፐንሃገን ነው። የዴንማርኩ ታላቅ ቀራጺ በርተል ቶርቫልድሰን ማርች 24 ቀን 1844 ቴአትር ለማየት ገብቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ዕድሜው 73 ነበር። መርማሪዎቹ የልቡን ደም ቅዳ ሲከፍቱ ያዩት ከጄነር የተለየ ነበር። በግድግዳው ውስጥ ከተከማቹት የስብ እባጮች አንዱ ቆስሎ ተከፍቷል፤ በውስጡ የነበረው ለስላሳ ነገር ደም ወደሚተላለፍበት ቀዳዳ ፈስሷል። እነዚህ ሐኪሞች የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ብዙ ደክመው የደረሱበትን ነገር በዓይናቸው አይተው ጽፈውት ነበር። ጽሑፉ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተከታይ አጥቶ ተቀመጠ።

ከ1856 እስከ 1913፦ ገንፎውና ጥንቸሎቹ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሁለት ኃያላን የጀርመንኛ ተናጋሪ ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ተፋጠጡ። የቪየናው ካርል ሮኪታንስኪ በግድግዳው ላይ የሚታየው እባጭ ከደሙ ራሱ ተንጠባጥቦ የረጋ ቅሪት ነው አለ። ሩዶልፍ ቪርሾ በበኩሉ በ1856 ባሳተመው ሥራ ነገሩ ከግድግዳው ውስጥ የሚነሣ ብግነት ነው፤ ማለትም ሰውነት ቁስል ሲያገኘው የሚያሳየው ዓይነት ቁጣ ነው ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘው ነበር። በጊዜው ማንም አላስታረቃቸውም።

ስሙ የመጣው በ1904 ነው። ፌሊክስ ማርሻንድ የተባለው ጀርመናዊ ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ አተሮስክለሮሲስ አለው። «አተሬ» በግሪክ ገንፎ ወይም አጥሚት መሰል ነገር ነው፤ «ስክለሮሲስ» መደደር። እባጩ ሲከፈት በውስጡ ገንፎ የመሰለ ለስላሳ ስብ አለ፤ ከላዩ ደግሞ ጠንካራ ሽፋን። በዛሬው አነጋገር ፕላክ የሚባለው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ታሪክ ነው፤ ገንፎው ስንት ነው፣ ሽፋኑስ ምን ያህል ይችለዋል የሚል።

በ1913 በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ወጣቱ ኒኮላይ አኒችኮቭ ከጓደኛው ከሴምዮን ካላቶቭ ጋር ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟምቶ ጥንቸሎችን መገበ። የጥንቸሎቹ ደም ቅዳ በስብ ተሞላ። ዓለም ከዚህ ሙከራ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ኮሌስትሮል። አኒችኮቭ ግን ሌሎች ሁለት ነገሮችንም አይቶ ነበር። በስቡ መካከል ስብ ውጠው ያበጡ፣ አረፋ የመሰሉ ሴሎች ነበሩ፤ ነጭ የደም ሴሎችም አብረው ተገኝተዋል። ስቡም የሚከማቸው በየትም ቦታ አልነበረም፤ ዋናው ደም ቅዳ ከልብ ወጥቶ በሚታጠፍበትና ቅርንጫፎች በሚነሡበት አፍ ላይ ነበር። ስቡ፣ የመከላከያ ሴሎቹና የደሙ አካሄድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀርበው ሳለ ዓለም አንዱን አንሥቶ ሁለቱን ትቶ ሄደ። የሳይንስ ታሪክ እንዲህ ዓይነት ስስታም ምርጫ ብዙ አለበት።

ከ1958 እስከ 1969፦ የቧንቧው ዘመን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የልብ ሕመም በአሜሪካ ከሞት መንስኤዎች ሁሉ ፊት ቆሞ ነበር። መንግሥት በ1948 በፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ነዋሪዎችን መዝግቦ የሚያጨሰውን፣ ደም ግፊት ያለበትንና ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለውን ለዓመታት መከታተል ጀመረ። ሐኪሞች ግን በሕይወት ያለ ሰው የልብ ደም ቅዳ ምን እንደሚመስል ማየት አይችሉም ነበር። ያ የተቻለው በስሕተት ነው።

በኦክቶበር 1958 በክሊቭላንድ ሜሰን ሶንስ የአንድ የ26 ዓመት ታካሚን ልብ በራጅ እያየ ሳለ ቀጭኑ ቱቦ ሾልኮ ወደ ቀኙ የልብ ደም ቅዳ ገባ፤ በራጅ የሚታየው ቀለምም እዚያው ፈሰሰ። ሶንስ ልቡ ተርገፍግፎ ይቆማል ብሎ ደረቱን ለመክፈት ሲዘጋጅ የልቡ ምት ለጥቂት ሰከንዶች ጠፋ። ታካሚውን ሳል አለው፤ ሳለ፤ ልቡም መምታት ጀመረ። በስክሪኑ ላይ የቀረው ምስል የልብ ሕክምናን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ የጠበበውን ቦታ ማየት ተቻለ፤ በ1967 ደግሞ ሬኔ ፋቫሎሮ በዚያው ሆስፒታል ከእግር በተወሰደ ደም መልስ የጠበበውን የሚያልፍ መንገድ መሥራት ጀመረ።

ምስሉ ግን አንድ ጉድለት ነበረው። የሚያሳየው ወንዙን እንጂ ዳርቻውን አይደለም። ቀለሙ የሚሄድበትን ቀዳዳ ስፋት ይናገራል፤ ግድግዳው ውስጥ ምን እንደተደበቀ አይናገርም። ለአንድ ትውልድ የሚሆን ጊዜ የልብ ሐኪም ጥያቄ «ስንት በመቶ ጠቧል?» የሚል ሆነ፤ ልብም እንደ ማድ ቤት ቧንቧ ታየች። ቀስ በቀስ ዝቃጭ ይይዛታል፣ አንድ ቀን ትዘጋለች፣ ይጠረግላታል።

ይህ ሥዕል በነገሠበት በዚያው አሥር ዓመት ከሁለት አቅጣጫ ተሰነጠቀ። ፓሪስ ኮንስታንቲኒዲስ በቫንኩቨር ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ የተዘጉ ደም ቅዳዎችን እንደ ሥጋ ቋንጣ ሳይሆን እንደ ወረቀት ስስ እያደረገ በተከታታይ ከተፈ። በ1966 ባወጣው ሥራ ደሙ በረጋበት ሥር የተሰነጠቀ የፕላክ ሽፋን መኖሩን አሳየ። ቶርቫልድሰንን የገደለው ነገር እንደገና ታየ ማለት ነው። ብዙዎቹ ስንጥቁ ምርመራው ራሱ የፈጠረው ነው ብለው አለፉት።

ሌላው አቅጣጫ ከፈሳሽ ጥናት መጣ። በአሜሪካ ዶናልድ ፍራይ በ1968 በውሾች ላይ ሠርቶ ደም በከፍተኛ ፍጥነት ሲፋተግ የደም ቅዳውን ገበር፣ ማለትም ከአንድ ሴል ውፍረት የማይበልጠውን የውስጥ ልባስ፣ እንደሚጎዳ አሳየ። ነገሩ ለሁሉም የሚዋጥ ነበር፤ ጎርፍ ዳርቻውን እንደሚሸረሽር ማንም ያውቃል። በሚቀጥለው ዓመት ግን የለንደኑ ኮሊን ካሮና ባልደረቦቹ ተቃራኒውን ይዘው መጡ። የሰው ደም ቅዳ ውስጥ ስብ የሚከማችባቸውን ቦታዎች ሲያስተያዩ ደሙ በዝግታ የሚሄድባቸውና ፍትጊያው የሚደክምባቸው ሆነው አገኟቸው። ወንዝ ደለሉን የሚያወርደው በሚፋጠንበት ሳይሆን ረግቶ በሚዞርበት ክንዱ ላይ ነው። ክርክሩ ለዓመታት ቆየ፤ ካሮ ግን ረታ።

ከ1973 እስከ 1988፦ ስንጥቁ ይታመናል

ሲያትል ውስጥ የሚሠራው ራስል ሮስ ትምህርቱን የጀመረው በጥርስ ሕክምና ነው። ከ1973 ጀምሮ የፕላክ መነሻው ገበሩ ሲጎዳ የሚሰጠው መልስ ነው የሚል ሐሳብ አራመደ። በዚያ ዘመን የሁሉም ዓይን በግድግዳው የጡንቻ ሴሎች ላይ ነበር። በ1981 ሌላው ተመራማሪ ሮስ ጌሪቲ ስብ የበዛበት መኖ በተመገቡ አሳሞች ውስጥ ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በገበሩ መገጣጠሚያ ሾልከው ሲገቡ አሳየ። ከገቡ በኋላ ማክሮፌጅ ይሆናሉ፤ ቃሉ ከግሪክ ሲፈታ «ታላቅ በላተኛ» ነው። ስሙን አያሳፍሩም። የተበላሸ ስብ እየዋጡ ያብጣሉ፤ አኒችኮቭ ያያቸው አረፋ መሰል ሴሎች እነዚህ ነበሩ።

ሐኪም ቤቶቹ በበኩላቸው በቧንቧው ቀጥለዋል። አንድሬያስ ግሩንትሲግ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በእጁ ከሠራቸው ፊኛዎች በመነሣት በ1977 በዙሪክ የመጀመሪያውን የጠበበ የልብ ደም ቅዳ በሕይወት ባለ ነቅቶ በሚያይ ሰው ውስጥ ከፈተ። ድንቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ሕይወት አትርፏል። የቧንቧውን ሥዕል ግን ይበልጥ አጸና።

ከዚያ ማስረጃው በላይ በላዩ ይመጣ ጀመር። በ1980 በአሜሪካዋ ስፖኬን ከተማ ማርከስ ዴዉድ ሕመሙ በጀመራቸው በአራት ሰዓት ውስጥ የደረሱ ታካሚዎችን ደም ቅዳ በቀለም አየ፤ በ87 በመቶው ላይ ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። ሰዓቱ ሲገፋ መጠኑ ይቀንሳል። ይህ ለዓመታት የዘለቀውን «የደም መርጋቱ የሞት ውጤት ነው ወይስ ምክንያት?» የሚል ክርክር ዘጋው። ቀስ በቀስ የሚሞላ ቧንቧ እንዲህ አያደርግም፤ አንድ ነገር በድንገት ተከስቷል።

ያ ነገር ምን እንደሆነ በዴንማርክ ኤርሊንግ ፋልክ፣ በለንደን ማይክል ዴቪስ ጻፉ። ሁለቱም በ1983ና በ1984 ባወጧቸው ሥራዎች የረጋውን ደም ተከትለው ወርደው ከሥሩ የተቀደደ ፕላክ አገኙ። የፕላኩ ገንፎ ከደም ጋር ሲገናኝ ደሙ ቁስል ላይ እንደሚያደርገው ይረጋል፤ ደም ቅዳው ግን ሦስትና አራት ሚሊሜትር ብቻ ስፋት ስላለው ያ እርጋታ ይደፍነዋል። ዴቪስ ይሠራ የነበረው የት መሰላችሁ? ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል፤ ጆን ሀንተር ተናዶ የሞተበት ተቋም።

በ1987 ሲሞር ግላጎቭ ከሺካጎ ደም ቅዳ ስብ ሲከማችበት ወደ ውጭ እንደሚሰፋ አሳየ። ፕላኩ የግድግዳውን ስፋት 40 በመቶ ያህል እስኪይዝ ድረስ ቀዳዳው ላይጠብ ይችላል። በሌላ አነጋገር በራጁ ላይ ንጹሕ የሚመስል ደም ቅዳ ሆዱ የሞላ ሊሆን ይችላል። በዓመቱ ዊልያም ሊትል አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፦ ሃርት አታክ ካገኛቸው ሰዎች መካከል ከዚያ ቀደም የቀለም ራጅ የተነሡት አሮጌው ፊልማቸው ምን ይል ነበር? ከ29 ሰዎች በ19ኙ ላይ ኋላ የተዘጋው ደም ቅዳ ቀድሞ ከ50 በመቶ በታች ነበር የጠበበው። ሐኪሙ አይቶ «ይህ ገና ነው» ብሎ የሚያልፈው ዓይነት።

የቧንቧው ሥዕል እዚህ ላይ ወደቀ። ቢያንስ በመጽሔቶች ላይ።

ከ1989 እስከ 1999፦ ሽፋኑን ማን በላው?

ጥያቄው ዞረ፦ ትልቁ ፕላክ ካልሆነ የሚቀደደው የትኛው ነው? በ1989 ጄምስ ሙለር ለመቀደድ የተቃረበውን የሚለይ ስያሜ አወጣ፤ በአማርኛ «ተሰባሪ ፕላክ» ብንለው ያስኬዳል። በዚያው ዓመት መሐንዲሱ ፒተር ሪቻርድሰን ከዴቪስ ጋር ሆኖ ስሌት ሠራ። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው መሐል ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ፣ ከጤነኛው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ትከሻው ላይ ነው፤ በየልብ ምቱ የሚመጣው ውጥረት የሚከማቸው እዚያ ነውና። ከሥሩ ያለው ገንፎ ለስላሳ ስለሆነ ጭነቱን አይሸከምም፤ ሁሉም በሽፋኑ ላይ ያርፋል።

ጠርዙ ላይ ግን ሌላም ነገር ተሰብስቦ ነበር። ስዊድናዊው ጎራን ሃንሰንና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቲ ሴሎች በፕላክ ውስጥ እንዳሉ አሳይተው ነበር። እነዚህ ሴሎች ከቫይረስና ከባዕድ አካል ጋር የሚዋጉ የሰውነት ወታደሮች ናቸው፤ በስብ መካከል ምን አመጣቸው የሚለው ብዙ ሰው ያሳቀ ጥያቄ ነበር። ቦስተን ውስጥ የፒተር ሊቢ ቡድን መልሱን በሁለት እርምጃ ሰጠ። በ1991 ቲ ሴሎች የሚረጩት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ኬሚካል የግድግዳውን የጡንቻ ሴሎች ኮላጅን መሥራት እንደሚከለክላቸው ታወቀ። ኮላጅን የሽፋኑ ጭድ ነው፤ ያለ እርሱ ጭቃው አይያያዝም። በ1994 ደግሞ ማክሮፌጆች ያለውን ኮላጅን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች እንደሚያመነጩ በራሱ በፕላኩ ውስጥ ታየ። አንዱ ግንበኛውን ከሥራ ያስቆማል፤ ሌላው የተገነባውን ይንዳል። በዚያው 1994 ከአምስተርዳም አለርት ፋን ደር ቫል ፕላኩ ምንም ዓይነት ቢሆን የተቀደደበት ወይም የተላጠበት ነጥብ በእነዚህ ሴሎች የተወረረ መሆኑን አረጋገጠ።

መለኪያውን የሰጠችው በዋሽንግተን የምትሠራው ሬኑ ቪርማኒ ናት። በድንገት የሞቱ ሰዎችን ልብ ስትመረምር ከተቀደዱት ሽፋኖች 95 በመቶው ከ65 ማይክሮን በታች ሆነው አገኘቻቸው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለውንም ቀዳዳ አልደበቀችም። ከባልደረቦቿ ጋር በ1996 ከመረመረቻቸው 50 ሞቶች በ22ቱ ሽፋኑ አልተቀደደም፤ ገበሩ ብቻ ተልጦ ደሙ እዚያ ላይ ረግቷል። እነዚህ ሰዎች በአማካይ ወጣት ነበሩ፤ ሴቶችም በመካከላቸው በዝተዋል። ስለ ስሱ ሽፋን የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ይዘለዋል፤ መዝለል ግን አይገባም።

የደሙ ፍሰትና የመከላከያ ሴሎቹ የተገናኙት በ1991 ነበር ማለት ይቻላል። ማይረን ሳይቡልስኪና ማይክል ጂምብሮን ፕላክ በሚጀምርበት ቦታ ያሉ የጥንቸል ገበር ሴሎች ነጭ የደም ሴሎችን የሚይዝ መንጠቆ በላያቸው እንደሚያበቅሉ አሳዩ። የገበር ሴሎች ፍሰቱን ይሰማሉ። ደሙ ቀጥ ብሎ በሚፈስበት ቦታ እንደ ተደረደረ ገብስ በፍሰቱ አቅጣጫ ተጋድመው ይተኛሉ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫሉ፤ መገጣጠሚያቸውም ጠባብ ነው። በቅርንጫፍ አፍ ላይ፣ ደሙ ወዲያና ወዲህ በሚልበት፣ ቅርጻቸው ይዛባል፤ መገጣጠሚያው ይላላል፤ የብግነት ጂኖች ይነቃሉ፤ መንጠቆው ይወጣል። ደለሉ የሚቀመጥበት ቦታ ወታደር የሚጠራበትም ቦታ ሆነ። ካሮና አኒችኮቭ ያዩት ነገር ምክንያት አገኘ።

መድኃኒቶቹም ያልታሰበ ማስረጃ ሰጡ። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ከሻጋታ ያወጣው ንጥረ ነገር የስታቲን መድኃኒቶች አባት ነው። በ1994 በሰሜን አውሮፓ በ4,444 የልብ ሕሙማን ላይ በተሠራ ጥናት ስታቲን ሞትን በ30 በመቶ ቀነሰ። የሚገርመው ኮሌስትሮልን የሚቀንሱ መድኃኒቶች ሲሰጡ ጠባቡ ቦታ በራጅ ሲታይ ያን ያህል አለመስፋቱ ነው፤ የሚሰፋው በጭንቅ በሚለካ መጠን ነው። ታካሚው የዳነው ቀዳዳው ስለተከፈተለት ካልሆነ ገንፎው ስለቀነሰ፣ ብግነቱ ስለበረደና ሽፋኑ ስለጠነከረ መሆን አለበት። ራስል ሮስ በ1999 በጻፈው ሥራ አተሮስክለሮሲስ የብግነት በሽታ ነው ብሎ ደመደመ፤ በዚያው ዓመት አረፈ። ቪርሾ ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ ተፈረደለት።

ከ2006 እስከ 2011፦ በአንዲት አይጥ አንገት ላይ

እስከዚህ ድረስ የቀረው አንድ ማስረጃ ነበር። ፍሰቱ ስብ የት እንደሚቀመጥ ይወስናል፤ የተቀመጠው ስብ ተሰባሪ መሆን አለመሆኑንስ?

በ2006 የሮተርዳሙ ሮብ ክራምስና ባልደረቦቹ በአይጦች አንገት ደም ቅዳ ዙሪያ እየጠበበ የሚሄድ ትንሽ ቀለበት አጠለቁ። አንዱ ደም ቅዳ በሦስት ተከፈለ። ከቀለበቱ በፊት ደሙ ዝግ ይላል፤ በጠባቡ ውስጥ ይፈጥናል፤ ካለፈ በኋላ ይሽከረከራል። አይጦቹ አንድ ናቸው፤ ኮሌስትሮላቸው አንድ ነው፤ የተለየው የደሙ አካሄድ ብቻ። ዝግ ባለው ቦታ ትልቅ ፕላክ ወጣ፤ ስቡ ብዙ፣ ኮላጅን ቆራጩ ኢንዛይም ብዙ፣ ኮላጅኑ ጥቂት። በሚሽከረከርበት ቦታም ፕላክ ወጣ፤ ይኸኛው ግን ትንሽና ጠንካራ ሽፋን ያለው ነበር። ደሙ በፈጠነበት ምንም አልወጣም። መሐንዲሱና የመከላከያ ሴል ተመራማሪው አንድ ነገር እንደሚያጠኑ ከዚህ ሥራ የበለጠ ያሳየ ያለ አይመስልም።

በነዚያው ዓመታት የኒው ዮርኩ ኢራ ታባስ ስለ ገንፎው ሌላ ነገር አብራራ። ማክሮፌጆች ሲሞቱ ሌሎች ማክሮፌጆች ሬሳቸውን ውጠው ያጸዳሉ። ፕላኩ ሲያረጅ ይህ ጽዳት ይደክማል፤ ቀባሪ ያጣው ሬሳ ተከማችቶ የገንፎው አካል ይሆናል። የመከላከያ ሴሎች ሁሉ ጠላት እንዳልሆኑም ታየ፤ ጠቡን የሚያበርዱ የቲ ሴል ዓይነቶች አሉና።

ከዚያ ወደ ሰው ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ። በ2011 የወጣው ፕሮስፔክት የተባለ ጥናት 697 ታካሚዎችን ሦስት ዓመት ያህል ተከታተለ፤ በደም ቅዳ ውስጥ በሚገባ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ስሱ ሽፋን ያላቸው የሚመስሉ 595 ፕላኮች ተቆጠሩ። በክትትሉ ጊዜ ችግር ያመጡት 26 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ዝም አሉ፤ ወይ ተጠገኑ ወይ ሳይታወቅ ተቀደው ዳኑ። በዚያው ዓመት የአትላንታው ሀቢብ ሳማዲ በ20 ታካሚዎች ላይ ፍትጊያው በደከመበት ቦታ ፕላኩ እንደሚያድግ፣ ፍትጊያው በበረታበት ቦታ ደግሞ በሞቱ ሴሎች የተሞላው እምብርት እንደሚሰፋ አሳየ። ፍራይና ካሮ ለካ ስለ አንድ ሕመም ሁለት ዕድሜ ነበር የሚከራከሩት፦ ዝግታው ይወልደዋል፤ ካደገና ወደ ቀዳዳው ከገፋ በኋላ ፍጥነቱ ያውከዋል።

ከ2017 እስከ 2024፦ ብግነቱን ማብረድ

ብግነት ምክንያት ከሆነ ብግነቱን ብቻ መትቶ ማየት ይቻላል። የቦስተኑ ፖል ሪድከር ይህን በ10,061 ሰዎች ላይ ሞከረ፤ ውጤቱ በኦገስት 2017 ባርሴሎና ላይ ተነገረ። ካናኪኑማብ የተባለው መርፌ ኮሌስትሮልን አልነካም፤ ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ብቻ ይይዛል። በ150 ሚሊግራም መጠን ሃርት አታክን፣ ስትሮክንና በልብ መሞትን በአንድነት በ15 በመቶ ቀነሰ። ለቪርሾ ሐሳብ በሰው ላይ የተገኘ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ማረጋገጫ ይህ ነው። ዋጋ ግን ተከፈለበት፤ መርፌውን ከወሰዱት መካከል በኢንፌክሽን የሞቱት በዙ። የሚዋጋውን ሠራዊት ትጥቅ ስታስፈታ ሌላው በር ይከፈታል። በቀጣዩ ዓመት ሜቶትሬክሴት በ4,786 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ምንም አልፈየደም፤ ብግነት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ተማሩበት።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ርካሽ መድኃኒት አዞሩ። ኮልቺሲን ከአንድ የአበባ ተክል የሚገኝ፣ ለሪህ ከጥንት ጀምሮ የሚሰጥ ነው። በቀን 0.5 ሚሊግራም ሲወሰድ በ2019ና በ2020 በወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች የልብ አደጋን በ23 እና በ31 በመቶ ቀነሰ። በጁን 2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለልብ ሕሙማን ፈቀደው። በ2024 ግን ከ7,000 በላይ ሃርት አታክ ያገኛቸው ሰዎች የተካተቱበት ሌላ ጥናት ጥቅም አላገኘበትም። ክርክሩ ቀጥሏል።

በዚያው 2024 ከደቡብ ኮሪያ ሌላ ዜና ተሰማ። ሐኪሞች ገና ደም ማስተላለፉን ያላገዱ፣ ግን ተሰባሪ የሚመስሉ ፕላኮችን በ1,606 ታካሚዎች ላይ መርጠው ለግማሾቹ ቀድመው ስቴንት የሚባለውን፣ ደም ቅዳውን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ አስገቡ። በሁለት ዓመት ውስጥ አደጋ የደረሰባቸው መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 3.4 በመቶ፣ ስቴንት ከገባላቸው 0.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ጸሐፊ ከልቡ ያሳመነው ቁጥር የመጀመሪያው ነው፤ ስቴንት ሳይገባላቸው በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት መቶ ሰዎች ከዘጠና ስድስት በላይ የሚሆኑት ደኅና ነበሩ።

ዛሬም በየትኛውም ሆስፒታል ያለ መሣሪያ «ይህ ፕላክ በዚህ ሳምንት ይቀደዳል» ማለት አይችልም። ስለዚህ የቀለም ራጅ ተነሥተው «የጠበበው 30 በመቶ ብቻ ነው፣ ስቴንት አያስፈልግም» ተብለው የታዘዘልዎትን ስታቲን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡ አንባቢ ካሉ፣ ክኒኑን ከመሳቢያው ያውጡት፤ ሲጋራም የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ። ደረትዎን ጨምድዶ ይዞ ካልለቀቀዎት ደግሞ እስኪነጋ አይጠብቁ።